ቤትን ከውስጥ ስለ ማሰናዳት ሙያ ሕዝብ የሚሳሳተው ነገር

ሰው ቤት የሚሠራው ሊኖርበት ነው። ይሁን እንጂ ግድግዳው ቆሞ ጣራው ከተከደነ በኋላ ሥራው ሁሉ ያለቀ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ብርሃኑና መተላለፊያው፣ በሩና መቀመጫው፣ ቀለሙና ዕቃ ማኖሪያው ለኗሪው እንዲስማሙ አስቀድሞ መርምሮ የሚወስን ሙያ አለ፤ ስሙም የቤት ውስጥ ንድፍ፣ በእንግሊዝኛ አጠራር ኢንቴሪየር ዲዛይን ይባላል። ስለዚህ ሙያ የተለመዱትን ሦስት ስሕተቶች በተራ እንመለከታለን።

1ኛ፤ ሙያው ጌጥ ማብዛት ብቻ ነው ማለት።

ቀለምና መጋረጃ መምረጥ ከሥራው አንዱ መሆኑ እውነት ነው፤ ዋናው ግን ነገሩ ሁሉ በኗሪው ላይ የሚያደርገውን ማወቅ ነው። በፊንላንድ አገር በፓይሚዮ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ተሠርቶ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1933 ዓ.ም. ተፈጸመ። ንድፉን ያወጣው አልቫር አልቶ ነው፤ ሚስቱ አይኖ አልቶም በሥራው ተካፋይ ነበረች። በሽተኛ በጀርባው ተኝቶ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ኮርኒሱን መሆኑን አስተውለው፣ ኮርኒሱን ዐይን በሚያሳርፍ አረንጓዴ አስቀቡት፤ መብራቱንም ዐይኑን እንዳይወጋው ከፊቱ አራቁት። በአንድ ክፍል ሁለት በሽተኞች ይተኙ ስለ ነበር፣ አንዱ ሲታጠብ የውሃው ድምፅ ሌላውን እንዳያውከው መታጠቢያውን አዘቅዝቀው አሠሩት። ይህ የታመመን ሰው ማሳረፍ ነው እንጂ ጌጥ አይደለም።

2ኛ፤ ሙያው ለባለጸጋ ብቻ ነው ማለት።

በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ለሠራተኞች ቤት ሲሠራ፣ በ1926 ዓ.ም. ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል የቪየና ሴት የወጥ ቤት ንድፍ አወጣች። ስፋቱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱም 3.4 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን የሴቲቱን እርምጃና እያንዳንዱ ሥራ የሚፈጀውን ጊዜ መርምራ፣ ምድጃውንና ማጠቢያውን፣ ጠረጴዛውንና መሳቢያውን እጅ በሚደርስበት ስፍራ አኖረችው። በዚያ ከተማ 10,000 ያህል እንደዚህ ያለ ወጥ ቤት ተሠራ። እንግዲህ ቦታው ጠባብ፣ ገንዘቡም ጥቂት ለሆነበት ሰው ሙያው ይበልጥ እንዲጠቅመው ከዚህ ይታወቃል።

3ኛ፤ ጥሩ ምርጫ ያለው ሰው ሁሉ ሊሠራው ይችላል፤ ቢሳሳትም የሚጎዳ የለም ማለት።

ይህ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ኮኮናት ግሮቭ በሚባል የምሽት መዝናኛ ቤት በ1942 ዓ.ም. በኅዳር ወር እሳት ተነሣ። ቤቱ ሰው ሠራሽ በሆኑ ዘንባቦችና ኮርኒሱን በሸፈነ ጨርቅ ያጌጠ ስለ ነበር እሳቱ በጥቂት ደቂቃ ተዛመተ። ዋናው መግቢያ የሚሽከረከር በር ነበርና ሕዝቡ ሲጋፋ ተጣበቀ፤ ከሌሎቹ በሮችም የተቆለፉና ወደ ውስጥ የሚከፈቱ ነበሩ። 492 ሰዎች ሞቱ። ከዚህም የተነሣ በሚሽከረከር በር አጠገብ ወደ ውጭ የሚከፈት በር እንዲኖር፣ ፈጥኖ በሚቃጠል ነገርም ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ቤት ማስጌጥ እንዲከለከል ሕግ ወጣ።

ስለዚህ ባለሙያው የሚቃጠለውንና የማይቃጠለውን፣ የሕዝቡን ብዛትና የመውጫውን ስፋት ማወቅ አለበት፤ ይህም በትምህርትና በልምምድ እንጂ በመልካም ምርጫ ብቻ አይገኝም። በአሜሪካ የአላባማ ግዛት በ1982 ዓ.ም. በዚህ ሙያ ስም የሚጠራውን ሰው በሕግ መወሰኑም ስለዚህ ነው።

ድስት ጥዶ ከማልቀስ አስቀድሞ መጥኖ መደቆስ እንዲሻል አባቶች ይናገራሉ። የትምህርት ቤት ክፍል ሊሠራ ሽማግሌዎች ሲመክሩ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ እንጨቱ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹ ብርሃን ከወዴት እንደሚያገኙና አደጋ ቢነሣ በየት እንደሚወጡ አስቀድመው ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አይፈጅም፤ የተዘነጋ እንደ ሆነ ግን ዋጋው የልጆች ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ።
1. በፓይሚዮ ኮርኒሱን አረንጓዴ ያስቀቡት ስለ ምንድር ነው?
2. በቦስተን ብዙ ሰው እንዲሞት ያደረጉት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
3. የክፍላችን በር ወዴት ይከፈታል? ልጆች ሁሉ በአንድ ጊዜ መውጣት ቢያስፈልጋቸው የሚያግዳቸው ምንድር ነው?