ሽመላና አደይ አበባ

ልጆች፣ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ጌታችን የሰማይን ወፎችና የሜዳን አበቦች እንድንመለከት አስተምሮናል። ዛሬ ከወፎች አንዷን ከአበቦችም አንዱን ጎን ለጎን እናያለን። ወፏ ሽመላ ናት፤ አበባውም ሁላችሁም የምታውቁት አደይ ነው።

ሽመላ ረጃጅም ቀይ እግሮችና ቀይ መንቆር አላት። ሰውነቷ ነጭ ሲሆን የክንፏ ዳር ጥቁር ነው። ቁመቷ 1 ሜትር ያህል ስለሆነ ከትንንሾቻችሁ ጋር ትተካከላለች። በረግረግ ቦታ እየተራመደች እንቁራሪትና አንበጣ ትለቅማለች። አትዘምርም፤ መንቆሯን እያጋጨች ታንኳኳለች እንጂ።

ብዙዎቹ ሽመላዎች ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በአውሮፓ ነው። ነሐሴ ሲሆን ብርዱ ሳይመጣ ወደ አፍሪካ ይነሣሉ። የሚንሳፈፉት ከምድር በሚወጣ ሞቃት አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ላይ ስለማይገኝ ብዙዎቹ የሜዲትራኒያንን ባሕር ዞረው በሲና በኩል ያልፋሉ። አንዳንዶቹ በአገራችን ይቆያሉ፤ ሌሎቹ እስከ ደቡብ አፍሪካ ይዘልቃሉ። ቀድሞ የአውሮፓ ሰዎች ወፎቹ ወዴት እንደሚጠፉ በእርግጥ አያውቁም ነበር። በ1822 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በጀርመን አገር አንዲት ሽመላ ስትገደል የአፍሪካ ፍላጻ በአንገቷ ተሰክቶ ተገኘ። ፍላጻውን እንደ ተሸከመች ያን ሁሉ መንገድ በርራለች! ዛሬም በሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ከነፍላጻዋ ትታያለች።

አደይ ግን ከቦታው አይነቃነቅም። በክረምት ዝናም ይበቅላል፤ በመስከረም ደጋውን ቢጫ ያለብሰዋል፤ ከዚያም ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ሽመላ 30 ዓመት ልትኖር ስትችል የአደይ ዕድሜ አንድ ወቅት ብቻ ነው። ታዲያ በየዓመቱ እንዴት እናየዋለን? ዘሩ በአፈር ውስጥ ሆኖ የሚቀጥለውን ዝናም ስለሚጠብቅ ነው። ሽመላ ወቅቷን ፍለጋ ትሄዳለች፤ አደይ ወቅቱ እስኪመጣ ይጠብቃል። ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ሽመላ ጊዜዋን እንደምታውቅ ጽፏል። አደይን አይቶት ቢሆን ኖሮ ስለ እርሱም ሳይጽፍ ይቀር ነበር?

የሚገርመው አደይም ክንፍ አለው። ሊቃውንት ያወጡለት ስም ቢደንስ ማክሮፕቴራ ነው። ማክሮፕቴራ በግሪክ ቋንቋ ባለ ትልቅ ክንፍ ማለት ሲሆን፣ ስሙ የወጣለት በዘሩ ዳርና ዳር ባለው ስስ ክንፍ ነው።

ስለዚህ ለእንቁጣጣሽ ስትቀጥፉ ከነሥሩ አትንቀሉት፤ ሁሉንም አትጨርሱት። ዘር ሳይጥል የተነቀለ አደይ ለከርሞ የሚተካው የለም። ሽመላም ረግረጉ ከደረቀ የምትበላው አታገኝም።

ጥያቄ
1. ብዙዎቹ ሽመላዎች ባሕሩን የሚዞሩት ለምንድን ነው?
2. በሰፈራችሁ አደይ የሚበቅለው የት ነው? ወላጆቻችሁ ልጆች ሳሉ ከነበረው በዝቷል ወይስ ቀንሷል? ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።