ለሰውነትሽ የሚስማማው እንቅስቃሴ የትኛው ነው?

እህቴ፣ አማን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሥቼ፣ ከስልክ ላይ የስፖርት ቪዲዮ እያየሁ መዝለል ጀመርኩ። ቪዲዮው ላይ ያለችው ልጅ ላብ እስኪንጠባጠብ ዝለሉ ትላለች፤ እኔም እስኪንጠባጠብ እዘላለሁ። ከዚያ ቁርስ አቀርባለሁ፣ ሦስት ፎቅ እወለውላለሁ፣ ምንጣፍ ተሸክሜ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ያን ጊዜ ከሲታ ነበርኩ። እንቅልፍ የለኝም፣ እጄ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል፣ ሐሳብ ይበዛብኛል። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ከነባልዲዬ ዘጭ አልኩ።

በማግስቱ ቆሻሻ ልጥል ስወጣ ለጎረቤት ቤት ሠራተኛ ነገርኳት። የስሪላንካ ሰው ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ የምንግባባው በሁለታችንም ስብርባሪ ዓረብኛ ነው። እጄን ይዛ አየችና «አንቺ እኮ ነፋስ ነሽ፤ በነፋስ ላይ ነፋስ ትጨምሪያለሽ?» አለችኝ።

የነገረችኝ አዩርቬዳ ስለሚባለው የሕንድና የስሪላንካ ጥንታዊ ሕክምና ነበር። ቃሉ በሳንስክሪት «የሕይወት ዕውቀት» ማለት ነው። ሰው ከጠፈር፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ተሠርቷል ይላል። ይህ ለእኛ ብዙም እንግዳ አይደለም፤ የአገራችን ሊቃውንትም ሥጋችን ከአራቱ ባሕርያት፣ ከነፋስ፣ ከእሳት፣ ከውሃና ከመሬት ነው እያሉ ያስተምራሉ። አዩርቬዳ ሦስት ዓይነት ሰውነት ይለያል፦ ነፋስ የበዛበት ቫታ፣ እሳት የበዛበት ፒታ፣ ውሃና መሬት የበዛበት ካፋ ይባላል (የቡናው አገር ከፋ አይደለም)። ብዙ ሰው ደግሞ ሁለቱን ቀላቅሎ ይይዛል።

«ይህ የባዕድ አምልኮ አይሆንብንም ወይ?» ያላችሁኝ አላችሁ። እኔ የምናገረው ስለ ሰውነት አያያዝ ብቻ ነው። አዩርቬዳ በጣም ከሚታወቅባቸው ቦታዎች አንዱ በደቡብ ሕንድ ያለው ኬረላ ነው፤ የቅዱስ ቶማስ ክርስቲያኖች የሚባሉትም ከጥንት ጀምሮ የኖሩት እዚያው ነው።

ከዚህ ሕክምና ዋና መጻሕፍት አንዱ ቻራካ ሳምሂታ ይባላል። እንቅስቃሴ ሰውነትን ያቀልላል፣ ምግብ ያስፈጫል እያለ ያመሰግነዋል። ነገር ግን እንቅስቃሴ የማይገባቸውን ሰዎችም ይቆጥራል፦ ሸክምና ረጅም መንገድ ያከሳው፣ የተራበና የተጠማ፣ የተቆጣ፣ ያዘነ፣ የፈራ፣ የደከመ። ይህን ስሰማ ጸሐፊው የእኛን ጓዳ አይቶ የጻፈው መሰለኝ። ስለዚህ ዓይነትሽን ከመፈለግሽ በፊት የዋልሽበትን ሥራ አስቢ። ቀኑን ሙሉ ምንጣፍ ስታጥቢ ከዋልሽ፣ ማንም ብትሆኚ የዚያን ቀን የሚያስፈልግሽ ዕረፍት ነው።

ሌላው ትምህርት የጉልበትሽን ግማሽ ብቻ አውጪ የሚለው ነው። ግማሹ መድረሱን በምን ታውቂያለሽ? ግንባርሽ፣ አፍንጫሽና ብብትሽ ሲያልብ፣ አፍሽም መድረቅ ሲጀምር። እዚያ ላይ ታቆሚያለሽ። እኔ ግን የምጀምረው እዚያ ላይ ነበር።

እንደ እኔ ቀጭን፣ ቆዳሽ ደረቅ፣ እጅ እግርሽ ቀዝቃዛ፣ እንቅልፍሽ ቀላል ከሆነ፣ ጭንቀትም ቶሎ የሚይዝሽ ከሆነ ወደ ቫታ ታደያለሽ። ለአንቺ ዝግ ያለና ሙቀት ያለው እንቅስቃሴ ነው የሚሻልሽ። ማታ ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ እግርሽን ግድግዳ ላይ ስቀዪና አሥር ደቂቃ ቆዪ። ከዚያ ትከሻሽንና ወገብሽን ሳትቸኩዪ አፍታቺ። አዩርቬዳ እግርን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት ማሸትም ይመክራል፤ የሁመራን ሰሊጥ የምታውቅ ይህ አይገርማትም። ከሌለሽ አስፈቅደሽ ጥቂት የወይራ ዘይት ውሰጂ። ካሸሽው በኋላ ካልሲ አድርጊ፤ የአማን ክረምት ብርዱ ከባድ ነው፣ በቅባት እግር ደግሞ ሰድሩ ይጥላል።

ቶሎ የሚሞቅሽ፣ ቶሎ የሚርብሽ፣ ቶሎ የምትቆጪ፣ መሸነፍ የማትወጂ ከሆነ ፒታ አለብሽ። በነሐሴ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ አትሩጪ፤ ጠዋት ወይም ማታ፣ ጥላ ባለበት ተራመጂ። ከጓደኛሽም ጋር አትወዳደሪ።

ሰውነትሽ ሞላ ያለ፣ ጠባይሽ የረጋ፣ እንቅልፍሽ ከባድ ከሆነ ካፋ ነሽ። ላብ የሚያወጣው እንቅስቃሴ ለአንቺ ነው። አንዲት ልጅ አዛውንት እናት ትጠብቃለች፤ ከወንበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነው የምትውለው፣ ኪሎዋም ጨመረ። ጠዋት እመቤቷ ሳይነሡ የሕንጻውን ደረጃ ፈጠን ብላ እንድትወጣና እንድትወርድ ነገርኳት። ደረጃው ሲሰለቻት በሯን ዘግታ እስክስታ ትመታለች። እስክስታ ከየትኛው ቪዲዮ ያንሳል?

በጾም ቀን ባዶ ሆድሽን አትዝለዪ። የሰገድሽ ከሆነ ደግሞ ስግደቱ ራሱ ብርቱ እንቅስቃሴ ነው፤ ጉልበትሽ ያውቀዋል።

ዘመናዊ ሕክምና ሰውን በእነዚህ ሦስት ዓይነቶች እንደማይከፍል ማወቅ አለብሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ ሥራ ላይ የምትንቀሳቀሺውም ይቆጠራል። ከእኛ ብዙዎቻችን ይህን በሁለት በሦስት ቀን እንጨርሰዋለን። የሚጎድለን ጎንበስ ብሎ የዋለውን ወገብ ማቃናት ነው።

የእኔም ነገር ነፋስ ብቻ አልነበረም። በዕረፍት ቀኔ ክሊኒክ ሄጄ ስመረመር የደም ማነስ ተገኘብኝ። ለወራት ኪኒን ዋጥኩ፣ ምስር አብዝቼ በላሁ፣ ዓይኔም መጨለሙን ተወ። አንቺም ራስሽን ካዞረሽ፣ ደረትሽን ከወጋሽ፣ ወይም እርጉዝ ከሆንሽ፣ ከማንኛውም እንቅስቃሴ በፊት ሐኪም ይይሽ። የዕረፍት ቀኑን ማንም በችሮታ አይሰጥሽም፤ ዮርዳኖስ ለቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ደንብ ቁጥር 90 በሳምንት አንድ ቀን መብትሽ ነው።

የስሪላንካዋ ጎረቤቴ ወደ አገሯ ተመልሳለች። እኔ ዓርብ ከቅዳሴ በኋላ ከአንደኛው ዱዋር ተነሥቼ የጀበል አማንን ደረጃ ይዤ ወደ መሐል ከተማ በዝግታ እወርዳለሁ። ሽቅቡን ግን በሰርቪስ ታክሲ ነው የምመለሰው።