ማሳሰቢያ፦ ጀልባቸው ላይ ሙዚቃ ማስገባት ላሰቡ የጣና ባለጀልባዎችና ነጂዎች

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ዓባይ መውጫ ሽርሽረኛ የሚያመላልስ ሰው ጀልባው ላይ ስፒከርና ሰብዉፈር ቢያስገባ አይፈረድበትም፤ ደንበኛ ይወደዋል። ግን ሥራውን ለመኪና ኤሌክትሪሽያን ብቻ ትቶ መሄድ አያዋጣም። መኪና ባትሪው ቢሞት ይገፋል። መሐል ጣና ላይ ሞተሪኖው አልዞር ያለ ጀልባን ማን ይገፋዋል?

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ዋት አይመኑ። «2000 ዋት» የሚለው አምፕሊፋየሩ ለቅጽበት ይደርስበታል የተባለ ጣሪያ ነው፤ አንዳንዴ እሱም የአምራቹ ምኞት ብቻ ነው። የሚጠቅምዎ «አርኤምኤስ» ከሚለው ፊደል አጠገብ ያለው ቁጥር ነው። እሱንም በስንት ኦም እንደተለካ ይጠይቁ። በ2 ኦም 300 ዋት የሚሰጥ አምፕ በ4 ኦም ከዚያ በጣም ያነሰ ይሰጣል፤ ሻጭ ደግሞ ትልቁን ቁጥር መናገር ይወዳል። ሁለት ባለ 4 ኦም ሰብዉፈሮችን ጎን ለጎን (ፓራሌል) ካገናኙ አምፑ የሚያየው 2 ኦም ነው። 2 ኦም የማይችል ከሆነ ይግላል፣ ይዘጋል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

«ትንሽ አምፕ ስፒከር አይጎዳም» የሚባለውን አይቀበሉ። አቅሙ ያነሰ አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት ድምፁ ይቆራረጣል፤ መጀመሪያ የሚሞቱትም ቀጫጭን ድምፅ የሚያወጡት ትዊተሮች ናቸው። የአምፑ አርኤምኤስ ከስፒከሩ አርኤምኤስ ጋር ይቀራረብ። «ጌይን» የምትለዋ ቁልፍ ደግሞ የድምፅ መጨመሪያ አይደለችም፤ ከሬዲዮው የሚመጣውን ድምፅ ከአምፑ ጋር ማስማሚያ ናት። ጥግ ድረስ አያዙሯት።

ለአራት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር ሁለት አምፕ ከመደርደር ይልቅ ባለ 5 ቻናል አንድ አምፕ ይምረጡ። ቦታም ሽቦም ይቆጥባል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ ለሰብዉፈሩ ብቻ ይተዉለት፤ ትንንሾቹ ስፒከሮች ያለ አቅማቸው ባስ እንዲሸከሙ አያስገድዷቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ባትሪው። እያንዳንዳቸው 50 ዋት የሚወስዱ አራት ስፒከሮችና ባለ 250 ዋት ሰብዉፈር ቢኖርዎ ጠቅላላው 450 ዋት ነው። «ክላስ ዲ» የሚባለው ዓይነት አምፕ ከሚስበው ኃይል 80 በመቶ ያህሉን ለስፒከሮቹ ስለሚያደርስ፣ እስከ ጥግ ሲከፈት ከባለ 12 ቮልት ባትሪ 47 አምፔር ገደማ ይስባል። በ«ክላስ ኤቢ» ግን ያው ድምፅ ከ65 አምፔር በላይ ይጠይቃል፤ ትርፉ ሙቀት ነው። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጥግ ላይ አይሆንምና አማካዩን ሢሶ፣ ማለትም 15 አምፔር እንበለው። 100 አምፔር ሰዓት ያለውን ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ የሚኖርዎ ሦስት ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። ለዘጌ ይበቃል። ለደጋ እስጢፋኖስ ደርሶ መልስ ግን አይበቃም፤ ትንሽ የጀልባ ሞተር የሚያመነጨውም ከመኪና ዲናሞ በጣም ያነሰ ስለሆነ በመንገድ ይሞላል ብለው አይተማመኑ።

እናም ለሙዚቃው የራሱ ባትሪ ይግዙለት። የሞተሪኖውን ባትሪ ከአምፕ ጋር ፈጽሞ አያጋሩ። ሌላውን ምክር ሁሉ ቢዘነጉ እንኳ ይህን አይዘንጉ።

ኔጋቲቩን መኪና ላይ እንደለመዱት ቦዲ ላይ አይሰሩ። የፋይበርና የእንጨት ጀልባ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የብረት ጀልባ ላይ ደግሞ የሚንሸራሸረው ኤሌክትሪክ ብረቱን ይበላዋል። ፖዘቲቩም ኔጋቲቩም በየራሳቸው ወፍራም ሽቦ ቀጥታ ከባትሪው ይምጡ። ጣና ጨው የለውም፤ «ጨው ይበላዋል» እያለ ዋጋ የሚቆልል ሻጭ ስለ ሌላ አገር ነው የሚያወራው። እርጥበቱ ግን እውነተኛ ነው፣ መዳብንም አረንጓዴ ያደርጋል። ቆርቆሮ የተቀባ ሽቦ ካገኙ እሱን ይውሰዱ።

ፊውዝ ያለ ምክንያት አልተሠራም። ከባትሪው ፖዘቲቭ በ18 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ፤ ሽቦው ከሚችለውም አይብለጥ። ሲቃጠል በሚስማር ወይም በሲጋራ ወረቀት ብር የሚያገናኝ ሰው ጀልባዎ ላይ አይውጣ።

አምፑን ከጀልባው ወለል ሥር፣ ቤንዚን ባለበት ቦታ አይደብቁት። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ እዚያው ይጠራቀማል፤ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ከባትሪው በላይም አይስቀሉት፤ ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ ቀላል ነውና ወደ ላይ ይወጣል። ከፍ ያለ፣ ንፋስ የሚያገኝ፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ይፈልጉ። ከውሃው መስመር በታች ብሎን ለማስገባት አይብሱ።

ከሕይወት ጃኬትና ከጉዞ ማሳሰቢያ በፊት ሙዚቃ አይከፈት። አምፑን በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያ ነጂው እጅ ሥር ይሁን። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የሰው ጩኸት መስማት ነው። ነጂውም ጆሮ አለው፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት የሚቻል ድምፅ ነው ይባላል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ነው የሚቀረው። ተሳፋሪ ሰዓቱን ጨርሶ ይወርዳል፣ ነጂው ግን ቀኑን ሙሉ ከሞተሩና ከሞንታርቦው መሐል ነው።

ድምፅ በውሃ ላይ ርቆ ይሄዳል። ወደ ገዳማቱ ወደብ ሲቃረቡ ያጥፉት እንጂ አይቀንሱት፤ ባሱ ስለማይሰማዎት እንጂ ለመነኮሳቱ ይደርሳል። በታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አጠገብ ሲያልፉ ፍጥነትንም ድምፅንም ይቀንሱ። ዓባይ መውጫ ላይ ጉማሬ ለማሳየት ከሄዱ ሙዚቃም አያስፈልግዎትም፤ ጉማሬው ሲተነፍስ መስማት ነው ሰው የከፈለበት።