ስለ ሪህ በሽታና በቤት ስለሚደረገው ጥንቃቄ

ለመስቀል ወይም ለአረፋ ወደ መስቃን የምንገባ ተማሪዎች ከምንጠየቀው ጥያቄ አንዱ ስለ ሪህ ነው፤ ተምረዋል ተብለናልና። በበዓሉ ማግሥት አንዳንዱ አባወራ የእግሩ አውራ ጣት በሌሊት እንደ ፍም ይነድበታል፤ ያብጣል፤ የጋቢ ጫፍ ቢነካው ያስጮኸዋል። ቤተሰቡም ወጌሻ ጠርቶ ያሳሸዋል።

በአገራችን ሪህ የሚለው ስም ለመገጣጠሚያ ሕመም ሁሉ ይሰጣል። እኛ የምንናገረው ግን ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ በዝቶ ስለሚያመጣው ነው። ይህ ነገር ፑሪን ከሚባለው የምግብና የሰውነት ክፍል ይገኛል፤ ኵላሊትም በሽንት ያወጣዋል። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ከ6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ ግን እንደ መርፌ እየሾለ በመገጣጠሚያ ውስጥ ይረጋል፤ ይልቁንም ቀዝቀዝ በሚለው በእግር ጣት። እንግዲህ የተቈጣውን ጣት ማሸት ሕመሙን ከመጨመር በቀር ምን ይረባል? እግሩን በትራስ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ መላልሶ ማኖርና ውሃ አብዝቶ መጠጣት ይሻላል።

ስለ ገበታው ስንናገር ከሁሉ የሚከፋው ዱለት ነው፤ ጉበት አለበትና። ቀጥሎ ክትፎው ይመጣል። ጠላና ቢራ ፑሪን አላቸው፤ አረቄም ኵላሊት ዩሪክ አሲዱን እንዳያወጣ ያግዳል። ማር መድኃኒት ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ፍሩክቶስ የተባለው ስኳር ዩሪክ አሲድን ያበዛል። ደግነቱ ከክትፎው ጎን የሚቀርቡት አይብና ጎመን፣ ከሥራቸውም ያለው ቆጮ አይጎዱም፤ አሬራም መልካም ነው፤ ቡናም አይከለከልም። አባትን ክትፎ ይቅርብዎ ማለት ለልጅ ከባድ ነው፤ አይቡን አብዝቶ ሥጋውን አሳንሶ ማቅረብ ግን ማንንም አያስቀይምም።

ዳማከሴና ጤና አዳም ዩሪክ አሲድን እንደሚያወርዱ የተረጋገጠ ነገር የለም። ይህን የምንለው ዕፅዋትን ንቀን አይደለም፤ ሐኪሞች ለሪህ የሚያዙት ኮልቺሲን ራሱ የተገኘው ከተክል ነው፤ መጠኑ ካለፈ ግን ይገድላል። በምግብ መጠንቀቅ ብቻውን ዩሪክ አሲዱን የሚቀንሰው በጥቂቱ ነው። ሕመሙ ለሚመላለስበት ሰው አሎፑሪኖል የሚባል መድኃኒት አለ፤ ከፈልሳፊዎቹ መካከል የሆኑት ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ይህ ክኒን የሚዋጠው ሲያም ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ነው፤ ሕመሙ ሲተው ክኒኑንም መተው በሽታውን መልሶ መጥራት ነው። ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥም አይገባም፤ በአንዳንድ ሰው ላይ ቆዳን የሚያቃጥል ብርቱ ጉዳት ያመጣልና። ቆዳው ሽፍ ካለ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ያበጠው መገጣጠሚያ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።