ደጃችንን በድንጋይ እናንጥፍ

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ከተማ ናት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በኩል ትገኛለች። በዚህ አገር ክረምቱ ብርቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መሬቱ ይረሰርሳል፤ ደጁም ሁሉ ጭቃ ይሆናል።

ጭቃ ትንሽ ነገር ይመስለናል። ግን በጭቃው ይበልጥ የሚጎዳው ማን ነው? እንስራ አዝላ ከምንጭ የምትመለሰው እናት ናት። አዳልጧት ከወደቀች እንስራው ይሰበራል። እርጉዝ ከሆነችማ ጉዳቱ የባሰ ነው። ልጆችም በባዶ እግራቸው ይረግጡታል። በዓይነ ምድር በተበከለ እርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖረው የመንጠቆ ትል ቆዳ ሰርስሮ ይገባል፤ ደም ይመጣል። እህል ስናሰጣ ደግሞ አፈርና ጠጠር ይገባበታል።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ማረሻችንን የሚያዶለዱመው ድንጋይ ነው። ገበሬ በየዓመቱ ከማሳው ድንጋይ እየለቀመ ዳር ላይ ይከምራል። ያ ክምር ደጅ ሊነጠፍበት ይችላል።

የተጣለን ነገር ለሥራ ማዋል ለአገራችን አዲስ አይደለም። በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ በሚባለው ቦታ፣ ያረጀ የመኪና ጎማ ጫማ ይሆናል። የኮንሶ ገበሬ ደግሞ ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ ተራራውን በእርከን አልብሶታል። ይህ ሥራው በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ድንጋይ መርጦ በመጥረብ እናንተ ከእኛ ከተማሪዎቹ ትበልጣላችሁ። እኛ የምንጨምረው ስሌቱን ነው። ደጃችን ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ይሁን። 4 ጊዜ 3፣ 12 ካሬ ሜትር ነው። የአንዱ ድንጋይ ገጽ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ለ1 ካሬ ሜትር 11 ያህል ድንጋይ ይበቃል። 11 ጊዜ 12፣ 132 ነው። አንድ ሰው ከእርሻ ሲመለስ በቀን 3 ድንጋይ ቢይዝ በ44 ቀን ይሞላለታል። ጥር ላይ የጀመረ ክረምቱ ሳይገባ ይጨርሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ከሦስት ቦታ ግን ድንጋይ አናንሣ። አንደኛው እርከን ነው፤ እርከን ከፈረሰ አፈራችን ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሁለተኛው የመቃብር ቦታ ነው። ሦስተኛው ድንበር ነው። የድንበር ድንጋይ ያነሣ ሰው ደጁን ቢያደርቅም ጠብን ወደ ቤቱ ያስገባል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ።

በመጀመሪያ ቦታውን በችካልና በገመድ እንለካ። አንድ ስንዝር ያህል እንቆፍር። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ ጠለቅ እናድርገው። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ድንጋዩንም ያናጋል።

ሁለተኛ፣ ለውኃው መንገድ እንስጠው። ውኃ መንገድ ካልተሰጠው ወደ ቤት ይገባል፤ የግድግዳውንም ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። በ3 ሜትር ርቀት 4 ጣት ያህል ዝቅ ቢል ይበቃል። ይህን ለማወቅ ጠርሙስ ውኃ እንሙላ፤ ጥቂት አየር እናስቀርበት፤ ከድነን ቀጥ ባለ እንጨት ላይ እናጋድመው። ዐረፋዋ ወደ ከፍታው ትሸሻለች። ወደ ቤቱ በኩል ከሸሸች መልካም ነው።

ሦስተኛ፣ የተሰበረ እንስራና ጋን ገል ከጠጠር ጋር እናልብስና እንደልድል። በላዩ ሁለት ጣት ያህል የወንዝ አሸዋ እናፍስስ።

አራተኛ፣ ትልልቁን ድንጋይ በዳር ዳር ግማሹን ቀብረን እናቁም። በመካከሉ ዝርግ ዝርጉን እንደርድር። ለጥ ያለው ገጽ ወደ ላይ ይሁን። በእንጨት እየመታን እናስቀምጠው። ክፍተቱን በትንንሽ ድንጋይና በአሸዋ ሞልተን ውኃ እንርጭበት።

ሌላውም የወዳደቀ ነገር ሥራ አለው። ያለቀ የወፍጮ ድንጋይ በሁለት ድንጋዮች ላይ ቢቀመጥ መቀመጫ ይሆናል። ያረጀ ቆርቆሮ ታጥፎ አሸንዳ ይሆናል፤ ውኃውንም ወደ ጌሾው ሥር ይወስዳል። ከፈረሰ ቤት የተረፈ ማገር ቅል ወይም ዱባ ቢወጣበት ጥላ ይሰጣል።

ጥንቃቄም ያስፈልጋል። ከአሮጌ እንጨት ምስማሩን አስቀድመን እንንቀል። የፀረ ተባይ መድኃኒት የነበረበትን በርሜል ወይም ጀሪካን ግን ለምንም ሥራ አናውል፤ ቢታጠብም መርዙ አይለቅም።

ሥራው ለአንድ ሰው ይከብዳል። ነገር ግን ዛሬ በአንዱ ደጅ፣ ነገ በሌላው ደጅ በወንፈል ቢሠራ ይቀላል። ሴቶች ብቻ እንዲሸከሙት አይተው። ድንጋዩን ከማሳ የሚያውቀው የሚያርሰው ነውና እሱው ያምጣ። ንጣፉ የት ይጀምር ለሚለው ግን እመቤቲቱ ትጠየቅ፤ ውኃው በየት እንደሚገባ አጥርታ የምታውቅ እሷ ናት።

እንወያይ
1. በክረምት ውኃ በደጃችሁ በየት በኩል ይቆማል?
2. ደጃችሁ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር ቢሆን ስንት ድንጋይ ያስፈልጋል? በቀን 3 ቢመጣ በስንት ቀን ይሞላል?
3. ከድንበር ላይ ድንጋይ ማንሣት ምን ያስከትላል?
4. ከቤታችሁ ከሚጣለው ነገር ለደጅ ሥራ የሚሆነው የትኛው ነው? ዘርዝራችሁ ጻፉ።