ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለሚከራይ ቤት የቅድመ ጥንቃቄ ጥገና



በአሜሪካ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከል የቤታቸውን ቤዝመንት የሚያከራዩ፣ ወይም ሁለተኛ ቤት ገዝተው በኪራዩ ሞርጌጅ የሚከፍሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ የኪራይ ውሉን የሚያነበውና ለጥገና ባለሙያ የሚደውለው ብዙ ጊዜ ኮሌጅ የገባው ልጅ ነው። ከተመረቁት አባሎቻችንም ራሳቸው አከራይ የሆኑ አሉ። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው።

የቅድመ ጥንቃቄ ጥገና ማለት ዕቃው ሳይበላሽ፣ ቀን ቆርጦ ማየት፣ ማጽዳትና ዕድሜው ሲያልቅ መለወጥ ነው። ተከራይ «ውሃ ከኮርኒሱ ወረደብኝ» ብሎ ሲደውል መሮጥ ጅብ ከሄደ በኋላ እንደሚጮኸው ውሻ ነው። ኪሳራው ደግሞ የገንዘብ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከብሮንክስ የምንማረው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ ባለ 19 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ አንድ የኤሌክትሪክ የክፍል ማሞቂያ እሳት አስነሣ። እሳቱ ከተነሣበት ቤት ብዙም አልራቀም። ነገር ግን ራሱን በራሱ መዝጋት የነበረበት የቤቱ በር ክፍት ቀረ፤ ጭሱም በደረጃው በኩል ወደ ላይኛዎቹ ፎቆች ወጣ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ከጋምቢያ የመጡ ቤተሰቦች ናቸው። በር ራሱን መዝጋቱን ለማየት ከፍቶ መልቀቅ ይበቃል። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይወስድም።

ሕጉ ምን ይላል?

በዋሽንግተን ዲሲ የክሊፍተን ቴራስ አፓርትመንት ተከራዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ኪራይ አንከፍልም አሉ። አከራዩ ሊያስወጣቸው ሲከስ፣ በሕንፃው ላይ 1,500 ያህል የቤት ደንብ ጥሰቶች እንዳሉ ተናገሩ። በ1970 የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት ጃቪንስ በሚባለው ጉዳይ፣ በውሉ ላይ ባይጻፍም እንኳ አከራይ ቤቱን ለኑሮ ብቁ አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ወሰነ። ይህ መርህ ዛሬ በአብዛኞቹ ስቴቶች ይሠራል። ስለዚህ በብርድ ወራት ማሞቂያው የቆመበት አከራይ «ውሉ ላይ የለም» ብሎ አያመልጥም።

የዓመቱ መርሐ ግብር

የሚከተለው እንደ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላሉ አካባቢዎች የሚስማማ ነው።

ኦክቶበር፦ ፈርነሱን ፈቃድ ባለው ባለሙያ አስፈትሹ። በጋዝ የሚሠራ ፈርነስ ወይም የውሃ ማሞቂያ የጭስ መውጫው ከተዘጋ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ቤት ይገባል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የአየር ፊልተሩን ከ1 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ለውጡ።

ኖቬምበር፦ ቅጠል ረግፎ ሲያልቅ አሸንዳውን አጽዱ። የተዘጋ አሸንዳ ውሃውን በቤቱ መሠረት ላይ ያፈሳል፤ ውሃው ደግሞ የሚገባው ተከራይ ወደሚኖርበት ቤዝመንት ነው። የውጭውን የውሃ ጎማ ንቀሉ፤ የውጭውን ቧንቧ ከውስጥ ዝጉ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ቧንቧ ያፈነዳል።

ኤፕሪልና ሜይ፦ ጣሪያውን፣ የመሠረቱን ስንጥቆችና የአየር ማቀዝቀዣውን እዩ። ሻጋታ ካያችሁ ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት እርጥበቱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ፤ ምንጩ ካልደረቀ ሻጋታው ይመለሳል።

ጁላይ፦ የልብስ ማድረቂያውን የአየር መውጫ ቱቦ እስከ ጫፉ አጽዱ፤ በውስጡ የሚጠራቀመው ብናኝ በቀላሉ እሳት ይይዛል። የውሃ ማሞቂያውን ዝቃጭ አፍስሱ፤ ዕድሜው 10 ዓመት ከተጠጋ የመለወጫ ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሩ።

ተከራይ በተቀየረ ቁጥር፦ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያዎችን ፈትኑ። በቤዝመንት መኝታ ቤት ሰው ሊያመልጥበት የሚችል መስኮት መኖሩን፣ ያለ ቁልፍ ከውስጥ መከፈቱንና አልጋ ወይም ቁምሳጥን እንዳልጋረደው አረጋግጡ።

ጋዝና ኤሌክትሪክ የሚነካ ሥራን ለፈቃድ ባለቤት ተዉት። ወዳጅ በቅናሽ የሠራው ሽቦ ቤት ካቃጠለ ቅናሹ ትርፍ አይሆንም።

ይሉኝታና ደረሰኝ

በእኛ ማኅበረሰብ አንድ የተለየ ችግር አለ። ተከራዩ ብዙ ጊዜ የዘመድ ዘመድ ወይም የእምነት ቤት ወዳጅ ነው። «ኪራዩን ቀንሰውልኛል፤ እንዴት ብዬ ስለ ሻወሩ አስቸግራቸዋለሁ» ብሎ ዝም ይላል። አከራዩም «ልጁን ምን ብዬ ቤቱን ልይ እለዋለሁ» ይላል። በመካከል ውሃው ለወራት ይንጠባጠባል፣ ወለሉም ይበሰብሳል። ብዙ የኢንሹራንስ ውሎች በድንገት የፈነዳን ቧንቧ ጉዳት ይሸፍናሉ፤ ቀስ በቀስ የደረሰውን ግን አይከፍሉም።

መፍትሔው ጉብኝቱን ከመጀመሪያው በውል ላይ ማስፈር ነው፦ «በየ6 ወሩ ቤቱ ይታያል፤ ብልሽት ሲታይ ተከራዩ በቴክስት ያሳውቃል።» የተጻፈ ነገር ማንንም አያስቀይምም። ከመግባታችሁ በፊት ግን አስታውቁ፤ በዲሲ ሕጉ ቢያንስ 48 ሰዓት ቀድሞ በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል።

ደረሰኞችን ፎቶ አንሥታችሁ በአንድ ፎልደር አስቀምጡ። ተራ ጥገና በዚያው ዓመት ከኪራይ ገቢ ላይ ይቀነሳል፤ እንደ አዲስ ጣሪያ ያለ ማሻሻያ ግን በአብዛኛው በ27.5 ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚቀነሰው። በወቅቱ የተጠገነ ጣሪያ እዚህም ላይ ይጠቅማል።

በሚቀጥለው ቤተሰብ ስትጠይቁ ከአንድ ነገር ጀምሩ። የጭስ ማስጠንቀቂያውን አውርዳችሁ ከጀርባው የተሠራበትን ዓመት አንብቡ። 10 ዓመት ካለፈው፣ ቁልፉን ስትጫኑት ቢጮኽም እንኳ፣ በዚያው ቀን ለውጡት።