በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጉልበት ውስጥ፦ ብርሃን የሚያሳየንና የማያሳየን

ጉልበት በሰውነታችን ካሉት መጋጠሚያዎች ሁሉ ትልቁ ነው። የአጥንቶቹ ጫፎች ካርቲሌጅ በሚባል ለስላሳ ልባስ የተሸፈኑ ሲሆን፣ በመካከላቸው ሜኒስከስ የተባሉ እንደ ማጭድ የታጠፉ ሁለት ትራሶች ይገኛሉ። ቀደም ባሉት ዘመናት ከእነዚህ አንዱ ሲቀደድ ሐኪሙ ጉልበቱን በሰፊው ከፍቶ ይሠራ ነበር። ዛሬ ግን አብዛኛው ሥራ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ በሆኑ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳዎች ይከናወናል። ዘዴው አርትሮስኮፒ ይባላል፤ ቃሉ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ «መጋጠሚያን መመልከት» ነው። በዚህ ጽሑፍ ዘዴው የተመሠረተባቸውን የፊዚክስ ሕጎች እንመረምራለን። በመጨረሻም «ማየት መቻል ማዳን መቻል ነውን?» የሚለውን ጥያቄ እናነሣለን።

አጀማመሩ

እ.ኤ.አ. በ1912 ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሴቬሪን ኖርደንቶፍት የጉልበትን ውስጥ በመሣሪያ ስለ መመልከት በበርሊን ለተሰበሰቡ ሐኪሞች ገለጻ አቀረበ። በ1918 ጃፓናዊው ኬንጂ ታካጊ ለሽንት ፊኛ ምርመራ በተሠራ መሣሪያ የአስከሬን ጉልበት ተመለከተ። የእርሱን ሥራ የቀጠለው ማሳኪ ዋታናቤ «ቁጥር 21» የተባለውን መሣሪያ ሠርቶ፣ በ1962 የተቀደደን ሜኒስከስ በዚህ ዘዴ በከፊል ቆርጦ አወጣ። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ብርሃን የሚመጣው ጫፉ ላይ ከተተከለ ትንሽ አምፖል ነበር፤ አምፖሉ በመጋጠሚያው ውስጥ ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ የብርሃኑን ምንጭ ከሰውነት ውጭ ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

ብርሃን ሲገባ፣ ምስል ሲወጣ

ብርሃን ከመስታወት ወደ አየር ሲሻገር አቅጣጫውን ይለውጣል። የመስታወቱ የስብረት መለኪያ 1.5 ቢሆን፣ ጨረሩ ከድንበሩ ቀጤ ነክ መስመር ጋር የሚሠራው ዘዌ ከ42 ዲግሪ ገደማ ሲበልጥ ወደ አየር መውጣቱ ይቀርና በሙሉ ወደ ውስጥ ይንጸባረቃል። ይህ ሙሉ ውስጣዊ ነጸብራቅ ይባላል። በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ የገባ ብርሃንም ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየተንጸባረቀ እስከ ጫፉ ይደርሳል። በተግባር ክሩ የስብረት መለኪያው አነስ ባለ ሌላ መስታወት ይለበጣል። በዚህ መንገድ ኃይለኛው መብራት ከሕመምተኛው ርቆ ይቀመጣል፤ ወደ ጉልበት የሚገባው ብርሃኑ ብቻ ነው።

ምስሉን ማውጣት ሌላ ችግር ነበር። በቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ቀጫጭን ሌንሶች ረጃጅም የአየር ክፍተት እየተተወላቸው በቱቦ ውስጥ ይደረደሩ ነበር፤ ምስሉም የደበዘዘ ነበር። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃሮልድ ሆፕኪንስ በ1959 ይህን ገለበጠው፦ ቱቦውን በረጃጅም የመስታወት ዘንጎች ሞልቶ በመካከላቸው ጠባብ የአየር ክፍተት ብቻ ተወ። የሚተላለፈው ብርሃን ከስብረት መለኪያው ካሬ ጋር ስለሚያድግ፣ ይህ ለውጥ ብቻውን ብርሃኑን 1.5 × 1.5 = 2.25 ጊዜ ያህል ያሳድጋል። ለጉልበት የሚያገለግለው መሣሪያ ስፋት በተለምዶ 4 ሚሊ ሜትር ነው። እይታው ብዙውን ጊዜ 30 ዲግሪ ያዘነበለ በመሆኑ ሐኪሙ መሣሪያውን በማዞር ብቻ ሰፊ ቦታ ይቃኛል።

ውሃውና ግፊቱ

መጋጠሚያው ጠባብ ስለሆነ በጨው ውሃ ይነፋል፤ ውሃው ደምንም ያጥባል። ግፊቱን ለማግኘት የውሃውን ከረጢት ከፍ አድርጎ መስቀል ይበቃል። ከረጢቱ ከጉልበቱ በ1 ሜትር ከፍ ቢል፣ ውሃው ሳይፈስ ያለው ግፊት፦

1000 × 9.8 × 1 = 9800 ፓስካል

ማለትም 74 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይሆናል። ግፊቱ ሲያንስ ደም እይታውን ይጋርዳል፤ ሲበዛ ደግሞ ውሃው በዙሪያው ወዳለው ሥጋ እየሰረገ እብጠት ያስከትላል።

ማየትና ማዳን

እስካሁን ያየነው የፊዚክስን ድል ነው። ሆኖም የተበላሸን ነገር አይቶ ማስተካከል የሕመሙን ምክንያት ማስወገድ ላይሆን ይችላል። በ2002 በአሜሪካ በሂዩስተን ከተማ የተካሄደ ጥናት፣ ካርቲሌጃቸው በመበላቱ የሚታመሙና ፈቃዳቸውን የሰጡ 180 ሰዎችን በዕጣ ከፋፈለ። ከፊሎቹ በአርትሮስኮፒ ታከሙ፤ ሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተቀደደ። በሁለት ዓመት ክትትል የታከሙት ካልታከሙት የተሻለ እፎይታ አላገኙም። በ2013 የታተመ የፊንላንድ ጥናትም ሜኒስከሳቸው ከጊዜ ብዛት በተቀደደ 146 ሰዎች ላይ ተመሳሳይ ውጤት አሳየ። ብዙ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ሜኒስከሳቸው ተቀዶ እያለ ሕመም አይሰማቸውም፤ ስለዚህ የታየው ቅዳጅ ሁልጊዜ የሕመሙ ምንጭ አይደለም። በ2017 የወጣ ዓለም አቀፍ የሐኪሞች መመሪያም እንዲህ ላለው የጉልበት ማርጀት አርትሮስኮፒ እንዳይደረግ አጥብቆ መክሯል።

ይህ ማለት ዘዴው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። በአደጋ የተበጠሰን ጅማት ለመተካትና በተሕዋስያን የተመረዘን መጋጠሚያ ለማጠብ ጠቃሚ ነው። እንግዲህ ለወላጅ ወይም ለዘመድ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ «ቀዳዳው ትንሽ ነውን?» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ለዚህ ዓይነቱ ሕመም ከእንቅስቃሴ ሕክምና እንደሚበልጥ በንጽጽር ተረጋግጧልን?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልመጃ፦ ግፊቱ 50 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እንዲሆን ከረጢቱ ከጉልበቱ ምን ያህል ከፍ ብሎ ይሰቀል? (1 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ = 133.3 ፓስካል። መልስ፦ 0.68 ሜትር)